በሣጥን ውስጥ የተሠራ አገር፦ ስለ ሲሙሌሽን ጌሞች፣ ስለ ሕሊናና ስለ ስሜት

ስለ ጌም አንድ ምሽት ሙሉ ይወራል ወይ ብላችሁ የመጣችሁ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። ልጁን ከስክሪን ማላቀቅ ያቃተው ወላጅም፣ ጥናት አለብኝ ብሎ ከቤት የወጣ ልጅም በዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም። ለሁለታችሁም የሚሆን ነገር ይዣለሁ። የምጠራቸው ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በተረት ልጀምር። ተረቱ የእኛ አይደለም፤ ስታኒስላቭ ሌም የተባለው የፖላንድ ደራሲ በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው። ትሩርል የሚባል፣ ያሰበውን ሁሉ መሥራት የሚችል መሐንዲስ በጠፈር ሲጓዝ፣ ከዙፋኑ ተባርሮ በባዶ ዐለት ላይ ብቻውን የተጣለ አንድ ጨካኝ ንጉሥ ያገኛል። ንጉሡ መንግሥቴን መልስልኝ ብሎ ይለምነዋል። ትሩርል ይህን ጨካኝ በእውነተኛ ሕዝብ ላይ ዳግመኛ መሾም አልፈለገም፤ ልመናውን ሰምቶ ዝም ብሎ ማለፍም አልሆነለትም። ስለዚህ አንድ ሣጥን ሠራለት። በሣጥኑ ውስጥ ከተሞችና ወንዞች፣ ገበያና ጦር፣ አጎብዳጅ ሹማምንትና ዐመፀኞች ሁሉ ትንንሽ ሆነው ገቡ። ንጉሡ እንዳሻው ይግዛ፣ እንዳሻው ይቅጣ፤ የሚጎዳ ሰው የለም። ትሩርል በብልሃቱ ረክቶ አገሩ ሲመለስ ለጓደኛው ለክላፓውሲየስ አወራለት። ጓደኛው ግን ደነገጠ። እነዚያ ትንንሽ ፍጥረታት ሲገረፉ የሚጮኹ፣ ሰው ሲሞትባቸው የሚያለቅሱ ከሆነ፣ ስቃያቸው የውሸት ነው የምትለው በምን መለኪያ ነው ብሎ ጠየቀው። ሁለቱ ተያይዘው ወደ ዐለቱ ሲመለሱ የሣጥኑ ሕዝብ ንጉሡን አሸንፎ፣ ሣጥኑን ሰብሮ ወጥቶ፣ ዐለቱን በራሱ አቅንቶ አገኙት።

ይህን ተረት ካነበቡት መካከል ዊል ራይት የሚባል አሜሪካዊ የጌም ፈጣሪ ነበር። ራይት በ1984 የሠራው የመጀመሪያ ጌሙ በሄሊኮፕተር ደሴቶችን መደብደብ ነበር። ለድብደባው የሚሆኑትን ደሴቶች፣ ከነመንገዳቸውና ከነፋብሪካቸው፣ የሚሥልበት አንድ መሣሪያ ለራሱ አዘጋጅቶ ነበርና ሲሠራበት ከማፍረሱ ይልቅ መገንባቱ እንደሚያስደስተው ተረዳ። ከዚያ በመነሣት ተጫዋቹ ከንቲባ ሆኖ ከተማ የሚያቀናበትን ሲምሲቲን ሠራ። አሳታሚዎች ግን አቅማሙ፤ ማሸነፊያና መሸነፊያ የሌለው ጌም ማን ይገዛል አሉ። በ1989 ሲወጣ ግን ዓለምን አዳረሰ። ከመነሻዎቹ አንዱ የሌም ሣጥን እንደሆነ ራይት ራሱ ተናግሯል።

ዛሬ ሲሙሌሽን ጌም የምንለው ይህን ዓይነቱን ነው፤ ከተማን፣ ቤተሰብን፣ እርሻን ወይም የሥራ ቦታን በደንብና በቁጥር አስመስሎ ሠርቶ በተጫዋቹ እጅ የሚያስረክብ ጨዋታ። የተጫዋቹ ሥራ ተኩሶ መጣል ሳይሆን ማስተዳደር ነው።

የክላፓውሲየስን ጥያቄ ቶሎ ልመልሰው። ዛሬ በምንጫወታቸው ጌሞች ውስጥ ያሉት ምስሎች ምንም አይሰማቸውም። ረሃባቸው በኮምፒውተሩ ውስጥ ቀስ በቀስ የሚቀንስ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ የሚያለቅስ ሰው ሥዕል ይወጣል። ነገሩ በዚህ የማያልቀው በእኛ ምክንያት ነው። በ1944 ፍሪትዝ ሃይደርና ማሪያን ሲመል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ አጭር ፊልም አዘጋጅተው ነበር። በፊልሙ ውስጥ ሁለት ሦስት ማዕዘኖችና አንዲት ክብ በአንድ አራት ማዕዘን ዙሪያ ከመንቀሳቀስ በቀር ሌላ የለም። ያዩትን እንዲናገሩ ሲጠየቁ ግን ከተመልካቾቹ አብዛኞቹ ስለ ቅርጽ አላወሩም፤ ትልቁ ጉልበተኛ እንደሆነ፣ ትንሹ ደፋር እንደሆነ፣ ክቧ እንደፈራች ነው የተናገሩት። በ1996 ደግሞ ባንዳይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ታማጎቺ የምትባል እንቁላል የምታህል መጫወቻ አወጣ። በውስጧ ያለው እንስሳ መመገብ፣ መጽዳት፣ መጫወት ይፈልጋል፤ ከዘነጉት ይሞታል። ሥዕሉ ጥቂት ጥቁር ነጠብጣቦች ብቻ ነበር። ያም ሆኖ በየአገሩ ሕፃናት አለቀሱለት፤ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እናቶቻቸውን ሞግዚት አድርገው እየተውት ሄዱ።

እንግዲህ ርኅራኄያችን ርካሽ ነው ማለት ነው? አይመስለኝም። ርኅራኄ ማስረጃ ጠይቆ የሚነሣ ነገር አይደለም፤ ዓይን ያየውን ይከተላል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ግን ሊያሳስበን ይገባል፦ ዓይን እንዳያይ ከተደረገ ርኅራኄውም አይነሣም። ስለዚህ ጥያቄውን ከሣጥኑ ሕዝብ ወደ ንጉሡ ላዙረው። ሣጥኑ ንጉሡን ምን ያስለምደዋል? የእኔ መልስ ይህ ነው፦ የሚቆጥረውን ነገር ያስለምደዋል። እያንዳንዱ ሲሙሌሽን ከዓለም ውስጥ ጥቂት ነገር መርጦ ይቆጥራል፣ የቀረውን ይተዋል። ተጫዋቹ በተቆጠረው ያዝናል፣ ይጨነቃል፣ ይደሰታል፤ ያልተቆጠረው እንዳለም አያውቅ።

ሲምሲቲን እንውሰድ። ራይት ከተማዋን ሲያስብ ካነበባቸው ሥራዎች አንዱ የጄይ ፎረስተር ነበር። ፎረስተር ኢንጂነር ነው፤ በ1969 የከተማን እድገትና ውድቀት በኮምፒውተር ቀመር ያስቀመጠ መጽሐፍ አሳትሞ፣ ለድሆች ርካሽ ቤት መሥራት ከተማን ያዳክማል የሚል አወዛጋቢ ድምዳሜ ላይ ደርሶ ነበር። ቀመሩ የሚቆጥረውን ቆጥሮ የደረሰበት ነው፤ ያልቆጠረውን በተመለከተ ብዙዎች ተከራክረውበታል። ሲምሲቲም የራሱ ቀመር አለው፤ ልዩነቱ የጌሙ ቀመር በሥዕል ተሸፍኖ መቅረቡ ነው። ሼሪ ተርክል የተባለች አሜሪካዊት ምሁር በ1990ዎቹ ያነጋገረቻት አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ግብር ከጨመርህ ሕዝብ ያምፃል የሚለውን እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርጋ ይዛው ነበር። ከጨዋታው ነው የተማረችው። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፤ ጌሙ በደንብ የገባት ጎበዝ ተጫዋች ነበረች፤ እኔንም የሚያሳስበኝ ጉብዝናዋ ነው።

በ2010 ደግሞ አንድ ፊሊፒናዊ የሥነ ሕንፃ ተማሪ በሲምሲቲ 3000 ማግናሳንቲ የምትባል ከተማ ሠርቶ ለዓለም አሳየ። 6 ሚሊዮን ሕዝብ አላት። ወንጀል የለም፣ የትራፊክ መጨናነቅ የለም። በጌሙ መለኪያ ፍጹም ናት። የሚኖርባት ሰው ግን ከ50 ዓመት ብዙም አያልፍም፤ ሆስፒታል ቦታ ይፈጃል ተብሎ አልተሠራም፤ ፖሊስ በየማዕዘኑ አለ፤ ሰው ከሚሠራበት ብዙም ርቆ አይሄድም። ልጁ ይህን ያደረገው አውቆ ነበር፤ ቁጥር ብቻ የሚያመልክ ከተማ የት እንደሚያደርስ ለማሳየት። ጌሙ ግን አንድ ጊዜም አልተቃወመውም። እነዚያ 6 ሚሊዮን ሰዎች ፊት ስለሌላቸው የሚያሳዝን ነገር አልታየም።

ፊት የመጣው በ2000 ነው። በ1991 በኦክላንድ ኮረብታዎች ላይ የተነሣው ትልቅ ቃጠሎ 25 ሰዎችን ሲገድል የራይትንም ቤት አቃጥሎት ነበር። ሁሉን ነገር እንደገና ሲገዛና ሲያደራጅ፣ ሰው ከዕቃው ሁሉ የትኛው በእርግጥ ያስፈልገዋል የሚለውን ያሰላስል ጀመር። ከዚህም ሐሳብ ዘ ሲምስ ተወለደ። ከንቲባነቱ ቀርቶ ተጫዋቹ አንድ ቤተሰብ ያስተዳድራል፤ ያበላል፣ ያስተኛል፣ ሥራ ያስገባል፣ ያጋባል። የእያንዳንዱ ሰው ረሃብ፣ ድካም፣ ንጽሕና፣ ብቸኝነት በየመስመሩ ተቆጥሮ ይታያል። በሁለት ዓመት ውስጥ በኮምፒውተር ጌሞች ታሪክ ከሁሉ በላይ የተሸጠ ሆነ።

ይህን ጌም የተጫወተ ሁሉ ስለ መዋኛ ገንዳው ያውቃል። ሰውዬው ሊዋኝ ይገባል፤ ተጫዋቹ መሰላሉን ያነሣበታል፤ ሰውዬው መውጫ አጥቶ ይዋኛል፣ ይዋኛል፣ በመጨረሻም ይሰምጣል። በዓለም ዙሪያ ስንት ሚሊዮን ልጅ ይህን እንደሞከረ እግዚአብሔር ይወቀው። ወላጆች ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ ልጄ ክፉ ሆነብኝ እንዴ ይላሉ። እኔ ለልጆቹ ጥብቅና እቆማለሁ። አብዛኞቹ የሚፈትሹት የዓለሙን ደንብ ነው፤ ይህ ሰው ያለ መሰላል መውጣት የማይችል ከሆነ ምን ይሆናል ብለው። ኋላ የመጣው ዘ ሲምስ 3 ያለ መሰላልም እንዲወጡ ስላደረገ ሙከራው ጣዕሙን አጣ፤ ልጆቹ ግን ወዲያው በገንዳው ዙሪያ ግንብ መገንባት ጀመሩ።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አለ። እኛ ዕቃ ዕቃ ተጫውተን ያደግን ሰዎች ነን። ጭቃ እንጀራ፣ የቲማቲም ጣሳ ድስት፣ አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ትንሹ የግድ ልጅ። በዚያ ጨዋታ ውስጥም ጭካኔ ነበረ፤ ልጅ የሆነው በእውነት ይቆነጠጥ ነበር። ግን ሲበዛበት ተነሥቶ «አልጫወትም!» ብሎ ይሄዳል። ጨዋታው ይፈርሳል። እናት የነበረችው ተለማምጣ ትመልሰዋለች፣ አለዚያ ብቻዋን ከጭቃዋ ጋር ትቀራለች። የሥነ ምግባር ትምህርታችን ግማሹ ከዚያች «አልጫወትም» የመጣ ይመስለኛል። በዘ ሲምስ ውስጥ ግን አልጫወትም የሚል የለም። ገንዳው ውስጥ ያለው ሰው እጁን ያወናጭፋል፤ ጨዋታውን ግን ሊያፈርስብህ አይችልም። ኃይል ሁሉ በአንድ በኩል ነው። ሌም በተረቱ መጨረሻ ሣጥኑን ያሰበረው ሕዝቡ የሚገባውን ክብር እንዲያገኝ ብቻ አልመሰለኝም፤ ንጉሥም ቢሆን እንቢ የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ራሴ ተወዳጅ ጌሞች ልምጣ። የጌም ሠሪ ሥራ ለተጫዋቹ እንቢ የሚል ነገር በሣጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ ነው ካልን፣ ይህን በሚገባ የሞከሩት ፖላንዳውያን ናቸው። የዋርሶው ኢለቨን ቢት ስቱዲዮስ በ2014 ዲስ ዋር ኦቭ ማይን የሚባል ጌም አወጣ። መነሻው የሳራዬቮ ከበባ ነው። ሳራዬቮ ከ1992 እስከ 1996፣ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው፣ ተከባ ነበር። የከተማው ሰው የቤት ዕቃውንና መጽሐፉን አንድዶ ሞቀ፤ ውኃ ሊቀዳ ሲወጣ በተኳሽ ተመታ። ስለ ጦርነት የሚሠሩ አብዛኞቹ ጌሞች ወታደር ሲያደርጉን ይህኛው ቤት የተረፈውን ሲቪል አደረገን። ፓቭሌ የእግር ኳስ ተጫዋች ነበር፣ አሁን የሚጠቅመው ሩጫው ብቻ ነው። ብሩኖ ምግብ አብሳይ ነበር። ካትያ ጋዜጠኛ ናት፣ በመደራደር ጎበዝ። ቀን በፈረሰ ቤት ውስጥ ምድጃና አልጋ ይሠራሉ፤ ሌሊት አንዱ ወጥቶ ምግብና መድኃኒት ይፈልጋል።

ሊሄዱባቸው ከሚችሉት ቤቶች በአንዱ ሽማግሌ ባልና ሚስት ይኖራሉ። ምግብ አላቸው፣ መድኃኒት አላቸው፣ መሣሪያ የላቸውም። ሽማግሌው እየተከተለ ይለምናል እንጂ አይከላከልም። የጌሙ ደንብ አይከለክልህም፤ ፖሊስ አይመጣም። ቤት ደግሞ የታመመ ሰው ትተህ መጥተሃል። መሳቢያውን ትከፍታለህ። ይህን ጌም ከተጫወቱ ሰዎች ጋር ባወራሁ ቁጥር ስለዚያ ቤት ሳያነሡ አያልፉም፤ ድምፃቸውም ዝቅ ይላል፤ የሠሩት ሥራ ይመስል። ሰው ልብ ወለድ አንብቦ ስለ ገጸ ባሕርዩ በደል ሲያወራ ድምፁ እንዲህ አይሆንም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በልብ ወለድ ገጸ ባሕርዩ ነው የገደለው፤ እዚህ መሳቢያውን የከፈትኸው አንተ ነህ። ከዚያም የባሰ ነገር አለ፤ መሳቢያውን ስትከፍት ትክክል መስሎህ ነበር። ጥሩ ሲሙሌሽን ጭካኔን አያሳይህም፤ ለጭካኔው በቂ ምክንያት ይሰጥህና ምክንያቱን ራስህ ስትናገረው ይሰማሃል።

የጌሙ ሰዎችም ወደ ቤት ሲመለሱ ያዝናሉ። ሐዘኑ እየከፋ ሲሄድ ሰውዬው ከአልጋ አይነሣም፤ ቤቱን ጥሎ ሊሄድ፣ ራሱንም ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ነው ጌሙ ሕሊናን ቆጠረ የሚባለው። እዚህ ላይ ግን አድናቆቴን ገታ አደርጋለሁ። የተቆጠረ ነገር ሁሉ ሊካካስ ይችላል። ያዘነውን ሰው ቡና ካጠጣኸው፣ ሲጋራ ከሰጠኸው፣ ጊታር ከተጫወቱለት ይሻለዋል። ጎበዝ ተጫዋች ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ሽማግሌዎቹን ዘርፌ የሚመጣውን ሐዘን በስንት ሲጋራ አበርደዋለሁ ብሎ ማስላት ይጀምራል። ጸጸት እንደ እንጨትና እንደ ውኃ አንድ ተጨማሪ አቅርቦት ሆነ ማለት ነው። ሠሪዎቹን አልወቅስም፤ ኮምፒውተር ያልተቆጠረን ነገር አያውቅም። ግን በዚያ ቤት ውስጥ የተሰማን እውነተኛው ጸጸት በስክሪኑ ላይ በተጻፈው ሐዘን ውስጥ እንዳልነበረ ልብ በሉ። እሱ በእኛ ውስጥ ነበር፤ ያንን ደግሞ ሲጋራ አያበርደውም።

በ2020 የፖላንድ መንግሥት ይህን ጌም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በአማራጭ ንባብነት እንዲቀርብ ወሰነ፤ 18 ዓመት ለሞላቸው፣ ለታሪክ፣ ለፍልስፍናና ለሥነ ምግባር ትምህርት። ጌም ከልብ ወለድ ጎን ቆመ። ዜናውን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ በፈተና ስንት ያስገኛል የሚለው ነገር እንዳይከተለው ግን ሰግቻለሁ።

ይኸው ድርጅት በ2018 ያወጣው ፍሮስትፐንክ ደግሞ በበረዶ ዘመን የመጨረሻዋን ከተማ እንድታስተዳድር ያደርግሃል። ሕጻናትን ሥራ ታስገባለህ? ምግቡን በመጋዝ ብናኝ ታበዛዋለህ? እያንዳንዱ ሕግ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው፤ ሁሉ ተደምሮ ግን አምባገነን ያደርግሃል። እስከዚህ ድንቅ ነው። በመጨረሻ ግን ጌሙ ያለፍህበትን ሁሉ እየመለሰ አሳይቶ፣ ከመስመር አልፈህ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ዋጋው ነበር ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። እኔ ይህን ስብከት አልወደድኩትም። ብዙ ተጫዋቾችም ተናደዋል፤ ሕጉን የሰጠኸኝ አንተ፣ ብርዱን የላክኸው አንተ፣ አሁን ከሳሽ የምትሆነው በምን መብትህ ነው ብለው። ልክ ናቸው።

ስብከት የሌለበትን ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ሠራው። ሉካስ ፖፕ በጃፓን የሚኖር አሜሪካዊ ነው፤ በ2013 ፔፐርስ፣ ፕሊዝ የሚባል ጌም አወጣ። አርስቶትስካ በምትባል የፈጠራ አገር፣ በ1982፣ የድንበር ፓስፖርት ተቆጣጣሪ ትሆናለህ። ይህ ጌም ለእኛ ሰው ልዩ የሚሆነው መስኮቱን ስለምናውቀው ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በኤምባሲ ደጅ ከሌሊት ጀምሮ ያልተሰለፈ፣ ወይም የተሰለፈ ወንድም እህት የሌለው ማን ነው? በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በሪያድ ያሉ ዘመዶቻችን ሁሉ በዚያ መስኮት አልፈዋል፤ ያላለፉትንም እናውቃለን። ግን ሁልጊዜ ከመስታወቱ ወዲህ ነን። ፖፕ ወዲያ አሻግሮ ያስቀምጠናል።

ሥራው ቀላል ነው። ፓስፖርት ይቀበላሉ፣ ቀኑን ያያሉ፣ ፎቶውን ያመሳክራሉ፣ ማኅተም ይመቱበታል። በትክክል ለተስተናገደ ሰው 5 ክሬዲት ይከፈላል። ማታ ከዚያች ገንዘብ የቤት ኪራይ፣ ምግብና ማሞቂያ ይወጣል፤ ቤት ውስጥ ሚስት፣ ልጅ፣ አማትና አጎት አሉ። ደንቡ በየቀኑ ይለወጣል፤ ሰዓቱ ይሮጣል። ከቀናት በኋላ አንድ ሰው ወረቀቱ ተሟልቶ ይገባና፣ ከኋላዬ ያለችው ባለቤቴ ናት፣ እባክህ እዘንላት ይልሃል። ሴትየዋ ትመጣለች። የመግቢያ ፈቃድ የላትም። ብትመለስ እንደሚገድሏት ትነግርሃለች።

ከዚህ በኋላ ያለችው ትንሽ የሒሳብ ደንብ የፖፕ ሊቅነት ያለባት ናት። በየቀኑ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሕተቶች በማስጠንቀቂያ ይታለፋሉ፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ደመወዝ ይቆረጣል። ማለትም ተቆጣጣሪው በቀን ሁለት ምሕረት አለው፤ በነፃ። ግን እነዚያን ሁለት ስሕተቶች በድካምና በችኮላም ትፈጽማቸዋለህ። ጠዋት ቀን ቆጥረህ ተሳስተህ፣ ፎቶ ሳታመሳክር አሳልፈህ፣ ሁለቱን ከጨረስህ በኋላ ሴትየዋ ብትመጣ የእሷ ሕይወት ከልጅህ መድኃኒት ጋር ይመዘናል። ደግነትህን የጨረሰው ክፋት አይደለም፤ የጠዋት ሥራ ጥድፊያ ነው። ስለ ቢሮክራሲ ከተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ይልቅ ይህች ደንብ ብዙ ነግራኛለች። በኋላ ደግሞ አንድ ዘበኛ መጥቶ፣ በታሰረ ሰው ቁጥር ጉርሻ ይከፈለኛል፣ ብታስርልኝ አካፍልሃለሁ ይላል። የምታስርበት ምክንያት በደንቡ ውስጥ ሞልቷል። ማባረር ብቻ ይበቃ የነበረውን ሰው ለማሰር እጅህ መቼ እንደለመደ አታውቀውም።

ጌሙ ስለዚህ ሁሉ አንዲት የወቀሳ ቃል አይናገርም። ቁጥሩን ይሰጥህና ዝም ይላል። እኔም ከዚህ ጌም በኋላ በመስኮት ወዲያ ያለውን ሰው ይቅር አልኩት ለማለት አልችልም፤ እንዲያውም ምሕረቱን በምን እንደሚጨርሰው ስላወቅሁ በአንዳንዱ ላይ ብሶብኛል።

ወላጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁትን አንድ ነገር በአጭሩ ልለፍ፤ ጌም ልጄን ጨካኝ ያደርገዋል ወይ? የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር በ2020፣ ኃይለኛ ጌሞች ለወንጀልና ለድብድብ ምክንያት መሆናቸውን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ የለም ብሏል፤ ከመጮህና ከመገፋፋት ከመሰለ ግልፍተኝነት ጋር ግን ጥቂት ግንኙነት እንደታየ አልካደም። እኔ ከዚህ የምጨምረው በሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ያየሁትን ነው። እዚያ አንዱ ሲጫወት አምስቱ ከኋላው ቆመው ይጯጯኻሉ፣ ያበሽቁታል፣ ይዳኙታል። ያ ቤት ጭስና ጫጫታ የሞላበት ነው፣ ልጃችሁን እዚያ ላኩ አልልም። ግን «አልጫወትም» የሚል ሰው በዚያ አለ። ብቻውን በሩን ዘግቶ በስልክ ስክሪን የራሱን ሣጥን የሚያስተዳድረውን ልጅ ነው አጠገቡ ተቀምጣችሁ፣ አሁን ማንን ምን አደረግኸው ብላችሁ ብትጠይቁት የምወደው።

አንድ ከባድ ጉዳይ ቀርቶኛል። ፕሮግራሚንግ የሚማሩ ወጣቶች አንዳንዴ ይጠይቁኛል፤ የራሳችንን ታሪክ፣ የ1977 ዓመተ ምሕረቱን ረሃብ፣ እንዲህ ባለ ጌም ብንሠራውስ? ከመካከላችሁ ያንን ዘመን በዓይኑ ያየ አለና ቃላቴን እመርጣለሁ። በ1984 መቐለ ውስጥ ለዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ትሠራ የነበረች ክሌር በርቺንገር የተባለች እንግሊዛዊት ነርስ ነበረች። ምግቡ ለጥቂት ሕፃናት ብቻ ነበር የሚበቃው፤ ሰልፉ ግን ማለቂያ አልነበረውም። ማን ይግባ የሚለውን እሷ መምረጥ ነበረባት። ነገሩ ለረጅም ዓመታት ከሕሊናዋ እንዳልወጣ በኋላ ተናግራለች። ተጫዋቹን በእሷ ቦታ የሚያስቀምጥ ጌም መሥራት ቀላል ነው። ስንት ምግብ፣ ስንት ሕፃን፣ በመጨረሻ ስንት አዳንህ። እኔ የምቃወመው ያንን የመጨረሻ ቁጥር ነው። ተጫዋቹ ሁለተኛ ጊዜ ሲጫወት ቁጥሩን ሊያሻሽል ነው የሚነሣው፤ የእነዚያ እናቶች ሰልፍ የጉብዝና መለኪያ ሲሆን ማየት አልፈልግም።

በዚህ ዓይነት ነገር ላይ የተሞከረ አለ። በ2006 በአሜሪካ የሳውዘርን ካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ሱዳኗ የዳርፉር ግዛት በሠሩት ጌም ተጫዋቹ ከመጠለያው ማን ውኃ ለመቅዳት እንደሚወጣ ይመርጣል፤ በመንገዱ የጃንጃዊድ ታጣቂዎች ስላሉ ሮጦ ማምለጥ አለበት። ብዙ ሰው ተጫወተው፤ ስለ ዳርፉር ያልሰማም ሰማ። ክፉ ሥራ አይደለም። ግን ሩጫው ራሱ ከቆይታ በኋላ ሩጫ ብቻ ይሆናል።

እኔ ብሠራው ተጫዋቹን መቐለ አላደርሰውም። አዲስ አበባ፣ በአንድ ቢሮ፣ በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጠው ነበር። ጊዜው 1976 ዓመተ ምሕረት ነው። የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ማስጠንቀቂያዎች በጠረጴዛው ላይ ይደርሳሉ፤ ዝናብ አልዘነበም፣ እህል የለም፣ ሰው ከቀየው እየወጣ ነው የሚሉ። በሌላው በኩል ደግሞ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓመተ ምሕረት የሚከበረው የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓልና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ አለ፤ ቅስቱ፣ ባነሩ፣ የእንግዶች ማረፊያ፣ የሰልፉ ልምምድ። ጌሙ የሚቆጥረው የበዓሉን ዝግጅት ብቻ ነው። ስንት ቅስት ተሠራ፣ ስንት እንግዳ አረፈ፣ አለቃህ ስንት ጊዜ ተደሰተ። የተራበ ሰው በስክሪኑ ላይ አይታይም፤ ወረቀቱ ብቻ ይመጣል፣ ይከማቻል፣ ቦታ ስለሚይዝ ወደ መሳቢያ ይገባል። ተጫዋቹ በጌሙ መለኪያ ሙሉ ነጥብ ማግኘት ይችላል።

ይህን ለመሥራት ግን የጠረጴዛው ወረቀት በትክክል ምን ይመስል እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በየትኛው ቢሮ ያልፍ እንደነበር፣ ማን ይፈርምበት እንደነበር፣ «ለመረጃ ያህል» ተብሎ ወደ መዝገብ ቤት የሚላከው የትኛው እንደነበር። በዚያ ዘመን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ እናቶችና አባቶች በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁ፣ ወጣቶቹ ጥያቄ ከመጀመራቸው በፊት እናንተን ብንሰማ ደስ ይለኛል። ማይኩ በግራ በኩል ነው።